እንግሊዝኛ አዙሮ ሲናገር

ልጄ፤ ለመስቀል ከዱራሜ ሆሳዕና መጥተሽ ስትመለሺ የእንግሊዝኛ ደብተርሽን ሳሎን ረስተሽው ሄደሻል። ልልክልሽ ስል ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። «ፊገርስ ኦፍ ስፒች» ከሚለው ርዕስ ሥር ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ሃይፐርቦሊ እያልሽ ስሞቹን ከነፍቺያቸው አሰልፈሽ በቀይ እስክሪብቶ አስምረሽባቸዋል። እጅ ጽሕፈትሽ ያምራል። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ግን ከመጽሐፍ የቀዳሽው አንድ አንቀጽ አለ። ዘይቤው ተሰግስጎበታል፤ አንዱንም አላሰመርሽበትም። ስማቸውን ታውቂያለሽ፤ መንገድ ላይ ስታገኚያቸው ግን ሰላም ሳትዪያቸው ታልፊያለሽ።

ዕድሜዬን እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ስለዚህ ከደብተሩ ጋር ይህችን ምክር አያይዤ ልኬልሻለሁ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በፊደላችን የጻፍኩት ጮክ ብለሽ እንድታነቢው ነው፤ ሆሄያቱን አንቺው ታውቂያቸዋለሽ።

1. በመጀመሪያ «ይህ በጥሬው ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

«ሺ ሃዝ ኤ ሃርት ኦፍ ስቶን» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥምሽ የዘይቤውን ስም ለማግኘት አትሩጪ። የድንጋይ ልብ ያላት ሴት የለችም። ጥሬው ትርጉም አላስኬድ ካለሽ ጸሐፊው አዙሮ እየተናገረ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ይሳሳቱ የነበረው ስም ጠፍቷቸው አልነበረም፤ ነገሩ በጥሬው እንደማያስኬድ ሳያስተውሉ ወደሚቀጥለው መስመር ስለሚያልፉ ነበር።

ችግሩ አንዳንዱ በጥሬውም የሚያስኬድ መሆኑ ነው። «ሂ ኪክድ ዘ በኬት» ባልዲውን በእግሩ መታው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሞተ ማለትም ነው። «ሺ ኢዝ ኢን ሆት ዋተር» የተባለችው ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ገብታ ከሆነ ደስ ይበላት፤ ከአለቃዋ ቢሮ ስትወጣ ከተባለ ግን ጉድ ፈልቶባታል። እዚህ ላይ ፈራጁ ዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ከላዩና ከታቹ ያለው ነው። ስለሚታለብ ላም እየተወራ ከሆነ ባልዲው ባልዲ ነው። ስለ ታመሙ አዛውንት ከሆነ ሰውዬው አርፈዋል፤ ተራኪው ደግሞ እያሾፈ ነው፤ ይህ አነጋገር ለቅሶ ቤት የሚገባ አይደለም።

2. «ላይክ» ባየሽ ቁጥር ሲሚሊ ነው አትበይ።

«ሺ ሉክስ ላይክ ኸር ማዘር» ማለት እናቷን ትመስላለች ማለት ነው፤ ሰውን ከሰው ማስተያየት ዘይቤ አይባልም። «ሺ ሲንግስ ላይክ ኤ በርድ» ሲል ግን ሰውን ከወፍ አገናኘ። በአማርኛ መማሪያሽ አነጻጻሪ ዘይቤ የሚባለው ይህኛው ነው፤ የሚያነጻጽራቸው ሁለቱ ነገሮች ዘራቸው የተለያየ መሆን አለበት። እንግሊዝኛ «ላይክ»ን ከስሙ ፊት ያመጣዋል፤ አማርኛም «እንደ»ን እንዲሁ። ቤት ውስጥ የምትናገሪው ከምባቲሳ ግን የመምሰሉን ምልክት ከስሙ ኋላ ይለጥፈዋል። አንዳንድ የዱራሜና የአንጋጫ ልጆች ዓረፍተ ነገሩን አንብበው ከጨረሱ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ምልክቱን ሲፈልጉ አያለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እንግሊዝኛ ውስጥ ጠቋሚው ቀድሞ ይመጣል።

የሚያሳስተው ግን የእንስሳቱ ጠባይ ነው። «አዝ ዋይዝ አዝ አን አውል» ብለው ሰውን በጉጉት ሲመስሉት ማሞገሳቸው ነው፤ ጠቢብ ነው ማለታቸው ነው። እኛ ሰፈር ጉጉት ጣሪያ ላይ ስትጮህ ጥበቧን የሚያደንቅላት የለም። ሰውን «ሺፕ» ካሉት ሳያስብ መንጋ የሚከተል ነው ማለት ነው። በአማርኛ «እሱ እኮ በግ ነው» ከተባለ ግን ገራገር ነው፣ ክፋት አያውቅም። ዶዮገና ገበያ ላይማ በግ ማለት ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ስድብ የሚለው አታገኚም። «ዩ ላኪ ዶግ!» ያለሽ ሰው አልሰደበሽም፤ «አንቺ ዕድለኛ!» ማለቱ ነው። በአንጻሩ ቀበሮ እዚያም እዚህም ተንኮለኛ ናት፣ ንብም በሁለቱም አገር ሥራ ወዳድ ናት፤ አህያም ምስኪን ከሁለቱም ወገን ስድቧን ትቀበላለች። «አዝ ብላይንድ አዝ ኤ ባት» ይላሉ እንጂ የሌሊት ወፍ ዕውር አይደለችም። ዘይቤ ባዮሎጂ አልተማረም። እንስሳ ባየሽ ቁጥር የአገርሽን ስሜት ለጊዜው አቆዪውና እነሱ ዘንድ ስሟ ምን እንደሆነ ጠይቂ።

3. ሜታፎር ላይ ረጅም ጊዜ ቁሚ።

«ላይክ የሌለበት ሲሚሊ ነው» የሚል ፍቺ ጽፈሻል። ስህተት አይደለም፣ ሩቅ ግን አያደርስሽም። ሜታፎር፣ ተለዋጭ ዘይቤ የምንለው፣ አንዱን ነገር ሌላውን ራሱን አድርጎ ያቀርበዋል። «ላይፍ ኢዝ ኤ ጀርኒ» ዓይነቶቹ አያስቸግሩሽም፤ ከሩቅ ይታያሉ። የሚያስቸግሩት ከመለመዳቸው የተነሣ ዘይቤነታቸው የተረሳው ናቸው። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እንደ አውሮፓውያን በ1980 በዚሁ ላይ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ነገራቸው ባጭሩ፣ ዘይቤ የባለቅኔ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ተራው ሰው በየዕለቱ የሚያስብበት መንገድ ነው የሚል ነው። እንግሊዝኛ ጊዜን እንደ ገንዘብ ያየዋል፦ «ስፔንድ»፣ «ሴቭ»፣ «ዌስት»፣ «ኢንቨስት» የሚሉት ግሦች ለብርም ለሰዓትም ያገለግላሉ። ክርክርን እንደ ጦርነት ያየዋል፦ ሐሳብን «አታክ» ያደርጋሉ፣ «ዲፌንድ» ያደርጋሉ፣ ሲብስም «ሹት ዳውን» አድርገው ይጥሉታል።

እኛም ብንሆን «ረታ»፣ «ተረታ»፣ «በነገር ወጋ» እንላለን። ከዚያ ይልቅ ግን አማርኛ ነገርን እንደ ክር ማየት ይወዳል። ነገር ይቋጠራል፣ ይተበተባል፣ ውሉ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀምጦ ይፈታዋል። ይህን ስትናገሪ በዘይቤ እየተናገርኩ ነው ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? እንግሊዞቹም እንደዚያው ናቸው፤ «ሹት ዳውን» ሲሉ ጠመንጃ ትዝ አይላቸውም።

ልምምድ ከፈለግሽ ግጥም አትፈልጊ፤ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ የኢኮኖሚ ገጽ ክፈቺ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቀው የእንግሊዝኛው ዜና ብሩ «ፍሎት» ተደረገ አለ። ገመዱ ተፈትቶ ውሃው ወደወሰደው እንደሚሄድ ጀልባ ተንሳፈፈ ማለት ነው። የአንድን ገንዘብ ዋጋ ከሌላ ገንዘብ ጋር አስሮ ማቆየትን ደግሞ «ፔግ» ይሉታል፤ ችካል። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ ብሩ «ፌል» ተባለ፤ ወደቀ። የት ላይ ቆሞ ነበር? የሸቀጡ ዋጋ በፈንታው «ሶርድ»፤ እንደ አሞራ ወደ ሰማይ ወጣ። «ኢንፍሌሽን» የሚለው ቃል ራሱ ፊኛ መንፋት ነው። ጀልባውን፣ ችካሉን፣ አሞራውንና ፊኛውን በአንድ አንቀጽ ውስጥ ለይተሽ ካወጣሽ በኋላ ያ የሚያስፈራው ገጽ ምን ያህል ተራ ወሬ እንደሆነ ታያለሽ።

4. ዘይቤው ከሚያሳይሽ ሌላ የሚሸፍንብሽንም ፈልጊ።

ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፤ በምሳሌ ግን ላሳይሽ። ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከአንጋጫ፣ ከሺንሺቾ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ብዛት ላንቺ አይነገርሽም፤ ከክፍልሽ ውስጥ ወንድም ወይም አጎት እዚያ የሌለው ልጅ ለማግኘት ትደክሚያለሽ። ስለ እነዚህ ልጆች የሚጻፈውን የእንግሊዝኛ ዜና ስታነቢ ቃላቱን ልብ በይ፦ «ፍሎ»፣ «ዌቭ»፣ «ኢንፍላክስ»፣ «ፍለድ»። ሁሉም ውሃ ነው። ይፈሳል፣ ማዕበል ይሆናል፣ ያጥለቀልቃል። ውሃ ስም የለውም፣ እናት የለውም፤ ውሃ ሲመጣ ሰው የሚያስበው ግድብ ነው። ጋዜጠኛው የግድ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው ያነሣዋል፣ አንባቢውም ሳያይ ይቀበለዋል። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባል ግዛት፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ነበሩ። እነዚህን ሰዎች «ዌቭ» ከሚለው ቃል አጠገብ አስቀምጪያቸውና ቃሉ ይመጥናቸው እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።

5. ሰውኛ ዘይቤ አያስቸግርሽም፤ አልቆይበትም።

ግዑዙን የሰው ሥራ ሲያሠሩት ነው፤ «ዘ ዊንድ ዊስፐርድ»፣ ንፋሱ አንሾካሾከ። እንግሊዝኛ በተራ ወሬም እንደሚጠቀምበት ብቻ አስታውሺ፤ «ማይ ካር ሬፊውዝድ ቱ ስታርት» ያለ ሰው መኪናው አልነሣም እያለ ነው። ተናጋሪው ፊቱን ወደ ግዑዙ አዙሮ በቀጥታ ሲያናግረው፣ አንቺ ከዱራሜ ወደ ተራራው ቀና ብለሽ «ሐምበሪቾ ሆይ» ብትዪ እንደማለት ነው፣ ያ እንቶኔ ይባላል። እንግሊዝኛው «አፖስትሮፊ» ይለዋል፤ ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ስሙ አንድ ነውና አታምታቺው።

6. አግንኖ ከሚናገር ይልቅ አሳንሶ የሚናገረውን ተጠንቀቂ።

ግነት በእኛ አገር ሞልቷል። እናትሽ «ሺ ጊዜ ነገርኩሽ» ስትል ቁጥሩን እንደማትቆጥሪ ሁሉ «አይ ሃቭ ቶልድ ዩ ኤ ሚሊዮን ታይምስ» ሲሉሽም አትቆጥሪም። እንግሊዞች ግን ተቃራኒውን ይወዳሉ። «ኖት ባድ» ካሉ ብዙ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፤ «ኤ ቢት ኦፍ ኤ ፕሮብለም» ካሉ ቤቱ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል። እኛ ችግር ሲመጣ «አለቅን! ጠፋን!» ማለት ስለለመድን ያሳነሱትን አሳንሰን እንሰማዋለን።

በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1974 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 በሌሊት ኢንዶኔዥያ ላይ ሲበር ጋሉንጉንግ የተባለው እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ውስጥ ገባ፤ አራቱም ሞተሮቹ ጠፉ። ካፒቴኑ ኤሪክ ሙዲ ማይክሮፎኑን አንሥቶ ለተሳፋሪዎቹ የተናገረው እስከ ዛሬ ይወራል። ትንሽ ችግር እንደገጠማቸው፣ አራቱም ሞተሮች እንደቆሙ፣ ለማስነሣት የተቻላቸውን እየሞከሩ እንደሆነ፣ ተሳፋሪዎቹም ብዙ እንደማይጨነቁ ተስፋ እንደሚያደርግ ነገራቸው። ሞተር የሌለው አውሮፕላን «ትንሽ ችግር» ነው! ደግነቱ ሞተሮቹ ዳግም ተነሥተው ጃካርታ በሰላም አረፉ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ በነገርኩ ቁጥር ተማሪ ይስቃል፤ ከሳቁ በኋላ «ስሞል» የሚለውን ቃል አይረሳውም።

ወደፊት እንግሊዛዊ መምህር ጽሑፍሽ ግርጌ «ክዋይት ጉድ» ብሎ ቢጽፍልሽ ደግሞ ቶሎ አትፈንድቂ። አሜሪካዊ ከሆነ እሰየው፤ እንግሊዛዊ ከሆነ ግን «ደህና ነው፣ ሊሻሻል ይችላል» ማለቱ ይሆናል።

7. ምጸትን በድምፅ ሳይሆን በነገሩ ለዪው።

ብርጭቆ ስትሰብሪ «ጎበዝ! እሰይ!» ሲሉሽ ሙገሳ አለመሆኑን ታውቂያለሽ፤ ፊታቸውን አይተሻል። ወረቀት ላይ ፊት የለም። ስለዚህ የተባለውና የሆነው መጣጣሙን እዪ። ጣሪያው በዝናብ እያንጠባጠበ ባለቤቱ «ዋት ኤ ላቭሊ ሃውስ» ካለ አላደነቀም። ረጅም ምጸት ሲሆን ይከብዳል። ጆናታን ስዊፍት እንደ አውሮፓውያን በ1729 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ አለ፤ የአየርላንድ ድሆች ሕፃናታቸውን ለሀብታሞች ማዕድ ቢሸጡ ይበጃቸዋል ይላል፤ ከነሒሳቡ፣ በተረጋጋ የባለሙያ አንደበት። አንድ ጤነኛ ሰው አሰቃቂ ነገር በእርጋታ ሲያስረዳሽ ካየሽ ቆም በይና የሚወቅሰው ማንን እንደሆነ ፈልጊ። ስዊፍት የሚወቅሰው ድሆቹን አልነበረም።

8. ሸፍኖ መናገርን ከአያትሽ ተማሪ።

ደብተርሽ ውስጥ «ዩፈሚዝም» በአንድ መስመር አልፏል፤ እኔ ብሆን አንድ ገጽ እሰጠው ነበር፤ የከምባታ ልጅ ሆነሽ ይህን ከፈረንጅ መማር የለብሽምና። በከምባታ ልማድ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ መተው አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ክፍለ ቃል (ሲላብል) የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላትም ትተዋለች። ታዲያ ቤት ውስጥ እንዴት ታወራለች? ወይ ሌላ ተመሳሳይ ቃል ትፈልጋለች፣ ወይ ነገሩን በሥራው ወይም በመልኩ ትገልጸዋለች፣ ወይ ለዚሁ ተብለው በተቀመጡ ቃላት ትጠቀማለች። ልማዱን ባሊሽሻ ይሉታል። በሀዲያና በሲዳማም ተመሳሳዩ አለ። ይቮን ትራይስ የተባሉ የከምባቲሳ ተመራማሪ በ2005 እንደ አውሮፓውያን ስለዚሁ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። ዛሬ ዛሬ ወጣቶቹ ሙሽሮች እየተዉት ነው፤ አያትሽ ግን በደንብ ያውቁታል፤ ሄደሽ ጠይቂያቸው። አንድን ነገር ስሙን ሳይጠሩ ማስታወቅ ምን ያህል ብልሃት እንደሚጠይቅ ከእሳቸው በላይ የሚያስረዳሽ የለም።

እንግሊዝኛም የሚያፍርባቸውና የሚፈራቸው ነገሮች አሉት። ሞተ አይልም፣ «ፓስድ አዌይ» ይላል፤ እኛ «አረፉ» እንደምንለው ነው። ይህ አክብሮት ነው፤ ነውር የለውም። ሌላው ዓይነት ግን አለ፤ አድራጊው ጥፋቱን የሚጠቀልልበት። በቦምብ የሞቱ ሲቪሎች «ኮላተራል ዳሜጅ» ሲባሉ፣ ከሥራ ማባረር «ዳውንሳይዚንግ» ሲባል ማን እንደሚከበርበት ጠይቂ። ሟቹ ነው ወይስ ገዳዩ?

አንዲት የሆሳዕና ጎረቤቴ ልጃቸው ጆሃንስበርግ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ከአሠሪው የመጣለትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥቶ ላከላቸው፤ እንድሄድ ፈቀዱልኝ ብሏቸዋል። የነሐሴ መጨረሻ ነበር። እናት ልጄ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ለያሆዴ፣ ይደርስልኛል ብለው ለበዓሉ ምግብ፣ ለአተካናው፣ የሚሆን ቅቤ ማጠራቀም ጀምረዋል። ስልካቸውን ይዘው የመጡት ደስታቸውን ሊያካፍሉኝ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ግን «ዊ ሃቭ ዲሳይድድ ቱ ሌት ዩ ጎ» ነበር። ፈቃድ አይደለም፤ ከሥራ አስወጥተንሃል ማለት ነው። መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩት፣ መልሼ አደረግኩት። «ሌላ ሥራ መፈለግ ሳይኖርበት አይቀርም» አልኳቸው። እኔም ሸፈንኩት እንግዲህ። ለነገሩ የእኛው «ተሰናበተ» ምን ይለያል? በወግ ተሳስሞ የተለያየ ነው የሚያስመስለው።

ለማንኛውም ሥራ፣ ትምህርት ወይም ጉዞ ተብሎ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲመጣልሽ፣ በተለይ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለስላሳ ቃላቱን አንድ በአንድ አውጥተሽ «በግልጹ ቢነገር ምን ይላል?» ብለሽ ከጎናቸው በአማርኛ ጻፊ። ደላላ ራሱን ደላላ ብሎ አይጠራም።

9. ቦታ ሲናገር ከሰማሽ ሰው ፈልጊ።

«ዘ ዋይት ሃውስ ሴድ» ይላል ዜናው። ቤት አይናገርም፤ የተናገሩት የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ወይም ሰዎቻቸው ናቸው። አንድን ነገር ከጎኑ ባለው ነገር ስም መጥራት «ሜቶኒሚ» ይባላል። እኛ «አራት ኪሎ ምን አለ?» ስንል ሠፈሩን አይደለም የምንጠይቀው። ነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ «ሆሳዕና ወሰነች» የሚል ወሬም መስማት ጀምረናል፤ የክልሉ መቀመጫ ስለሆነች ነው። (ከተማችን በስም ጉዳይ ልምድ አላት፤ ራሷ የበዓል ስም ይዛለች፣ የድሮ ስሟን ዋቸሞን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ወስዶታል።) ከፊሉን ጠርቶ ሙሉውን ማመልከት የሜቶኒሚ የቅርብ ዘመድ ነው፤ «ሲክስ ማውዝስ ቱ ፊድ» ሲሉ የሚመገቡ ስድስት ሰዎች አሉ ማለታቸው ነው። አንዳንድ መምህራን ሁለቱን ለመለየት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ያጠፋሉ። አንቺ ማን እንደተናገረና ማን እንደሚበላ ካወቅሽ ይበቃሻል።

10. ፈሊጥን አትፍቺ፤ ያዢው።

እስካሁን ያልናቸው በማሰብ ይገኛሉ። ፈሊጥ፣ «ኢዲየም» የሚሉት፣ በማሰብ አይገኝም። የውጭ ሰው «እጅ ነሣ»ን ቃል በቃል ቢፈታው እጁን ቀማው ብሎ ያስባል እንጂ ጎንበስ ብሎ አክብሮት መስጠት መሆኑን ከየት ያመጣዋል? «ብሬክ ኤ ሌግ»ም እንዲሁ ነው፤ መድረክ ላይ ሊወጣ ያለ ተዋናይን «ይቅናህ» የሚሉበት ነው፣ ርግማን አይደለም። «አንደር ዘ ዌዘር» ማለት ትንሽ አሞታል ማለት ነው፤ ከአየሩ ሥር መሆን ማለት አይደለም።

መዝገበ ቃላት ውስጥ ስትፈልጊ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ኤ» ወይም «ዘ» ወይም መስተዋድዱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። የኦክስፎርዱ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፈሊጦችን በአብዛኛው የሚያስቀምጠው ከሐረጉ የመጀመሪያ ዋና ቃል ሥር ነው፤ ስለዚህ «አንደር ዘ ዌዘር»ን «ዌዘር» ውስጥ ሂጂና ከትርጉሞቹ ግርጌ ፈልጊ። ለራስሽ ደግሞ ትንሽ ደብተር ያዢ። ፈሊጡን ካገኘሽበት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፊው፤ ብቻውን የተጻፈ ፈሊጥ በሳምንቱ ይጠፋል።

የፈተናውን ነገር ታነሺ ይሆናል። ጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰጠ፤ በዚያ የመጀመሪያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። የንባብ ምንባብ ውስጥ «ጸሐፊው በዚህ ሐረግ ምን ማለቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ስታዪ ከአማራጮቹ አንዱ ብዙ ጊዜ ጥሬው ትርጉም መሆኑን እንድታውቂ ነው። እሱን መጀመሪያ ሰርዢው፣ አንቀጹ በጥሬው እንድትወስጂው ካላስገደደሽ በቀር።

11. ራስሽ ስትጽፊ ቆጥቢ።

ዘይቤ መለየት የጀመረ ልጅ ድርሰቱን በዘይቤ ማጨቅ ይቀናዋል። ጆርጅ ኦርዌል እንደ አውሮፓውያን በ1946 ስለ እንግሊዝኛ አጻጻፍ ያወጣው አንድ ጽሑፍ አለ፤ ከምክሮቹ አንዱ በኅትመት ላይ ደጋግመሽ ያየሽውን ዘይቤ አትጠቀሚበት የሚል ነው። እኔም ከተማሪዎች ወረቀት ላይ «አት ዘ ኤንድ ኦፍ ዘ ዴይ»ንና «ላስት በት ኖት ሊስት»ን ስሰርዝ ነው የኖርኩት። ሁለት የማይገናኙ ሥዕሎችንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አታጋጪ፤ ያንን ለኢኮኖሚ ጋዜጠኞች ተዪላቸው። እንሰት ፍቀት፣ የዝናብ ዋዜማ የሐምበሪቾ ጉም፣ ዓይንሽ ያየው ነገር ስላለሽ በራስሽ ጀምሪ፤ እንግሊዝኛው ቢሰበር እንኳ ሥዕሉ የራስሽ ይሆናል።

ደብተርሽን ከታናሽ ወንድምሽ ጋር ልኬዋለሁ። ያን ሳታሰምሪበት ያለፍሽውን አንቀጽ በእርሳስ አስምሪበትና መልሰሽ ላኪልኝ፤ ስሞቹን አልፈልግም፣ በጥሬው የማያስኬዱትን ቦታዎች ብቻ። ያስቸገረሽ ዓረፍተ ነገር ካለም በስልክ ላኪው፤ ቃሉን ለብቻው ነጥለሽ አትላኪ፣ የገጹን ሙሉ ፎቶ አንሥተሽ ይሁን።